የጆሮ መከላከያው፣ ምድጃውና የቆርቆሮው ዝናብ፦ አንድ የደሴ ጉዳይ

ሐምሌ 2016 ነበር። ደሴ በሐምሌ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቀዋል፤ የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ይሰወራል፣ ቆርቆሮው ሌት ተቀን ይደበደባል፣ ሰው ሁሉ ከሰሉን አቀጣጥሎ በሩን ይዘጋል። ከምሽቱ አምስት ተኩል ላይ አንድ ባጃጅ የምሠራበት የግል ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሚስቱን ደግፎ የወረደው ሰው ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል። እሷ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

«ተኝታ ባንና ነው፤ ትንፋሽ አጠራት» አለ ባልየው፣ ፊቴን ሳያይ።

ነርስ ከሆንኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ከአእምሮ ጤና ጋር ነው የዋልኩት። ይህን የምለው ያን ሌሊት መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር ስህተት ስለነበር ነው። የልብ ምቷ በደቂቃ 118፣ ትንፋሿ 28፣ ጣቷ ላይ የሰካሁት መለኪያ ያሳየው ኦክስጅን 94። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 94 እዚህ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል። ካርዱ ላይ «ድንገተኛ የጭንቀት ጥቃት» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የእጇን አንጓ አየሁ። በሁለቱም እጆቿ ላይ ሰፋ ያለ፣ ቀላ ያለ ምልክት ዞሮባቸዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ስናይ የምናደርገው የታወቀ ነው፤ ባልን በሰበብ ማራቅ። «ሂድና ካርድ ክፍል ክፈል» አልኩት። በሩ ሲዘጋ ወንበሬን አስጠግቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ማነው ያሰረሽ?»

«እሱ ነው።» ትንሽ ዝም አለች። «እሰረኝ ያልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ሲስተር። እሱን እንዳይቆጡት።»

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ ቀያይሬዋለሁ።

ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማታ ይመለሳል። ልጃቸው ለክረምቱ ሐይቅ፣ አያቷ ዘንድ ናት። ዓለም ቢዲኤስኤም የሚለውን፣ ማሰርን፣ መታዘዝን ወይም ሕመምን በስምምነት የሚያስገባውን የፍቅር ጨዋታ፣ እነሱ «ጨዋታችን» ነው የሚሉት። ከጀመሩት አንድ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት። የሚወዱት ደግሞ ሕመም ወይም ግርፋት አይደለም፤ ስሜት መጋረድ ነው። ዓይን ይሸፈናል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የቀረው የቆዳ ስሜት ብቻ ይሆናል። «ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያየኝ፣ እኔም ሰውን ሳይ ነው የምውለው። ዓይኔ ሲሸፈን ሥራ የፈታሁ ይመስለኛል» አለችኝ በኋላ። ከዚህ የተሻለ ገለጻ ሰምቼ አላውቅም።

ያን ምሽት የነበራቸው ዕቃ ይህ ነበር፦ ከኋላ በቋጠሮ የታሰረ ጥቁር ሻሽ፣ ባል ከሥራ ያመጣው የፋብሪካ የጆሮ መከላከያ፣ እጇን ከፊት ለፊት ያሰሩበት ነጠላ፣ መዳፏ ውስጥ ደግሞ የልጃቸው የጎማ ኳስ። የማቆሚያ ቃላቸው «ጦሳ» ነው። «ተው» እና «በቃ» በጨዋታ መሀል ለቀልድም ሊወጡ ስለሚችሉ፣ በዚያ ሰዓት ከአፍ የማይወጣ ቃል መርጠዋል። መናገር ካልቻለች ኳሱን ትለቃለች። አየህ፣ ያላሰቡ ሰዎች አልነበሩም። ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ አስበው ነበር።

ያላሰቡት ሦስት ነገር ነበር።

አንደኛው ዝናቡ ነው። ስሜት ስለመጋረድ ሲወራ ሁሉም የሚያስበው የታሰረው ሰው ምን እንደሚሰማ ነው። ጠባቂው ምን እንደሚሰማ የሚጠይቅ የለም። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የሚለውን አትሰማም፤ ይህን ለማወቅ እዚህ ትምህርት ቤት መማር ይበቃል፤ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። በዚያ ላይ ጆሮው የተደፈነ ሰው የራሱ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ይጮህበታል። ስለዚህ ሳያውቀው ቀስ ብሎ ያወራል። እሷ «ጦሳ!» ብላ የጮኸች መስሏታል። እሱ የከንፈሯን እንቅስቃሴ እንኳ አላስተዋለም።

ሁለተኛው ኳሱ ነው። የወደቀው ፍራሽ ላይ ነው። ጎማ ፍራሽ ላይ ምን ድምፅ አለው?

ሦስተኛውን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ባልየው ደረሰኙን ይዞ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ሲስተር፣ ለኔም አንድ ፓራሲታሞል ይኖርዎት ይሆን?»

«አንተም ያምሃል?»

«ከማታ ጀምሮ ነው። ድካም ይሆናል።»

ጭንቀት ከሚስት ወደ ባል በአየር አይተላለፍም። አንድ ቤት ውስጥ ያደሩ ሁለት ሰዎች ባንድ ሌሊት ራሳቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ የሚጠየቀው ምድጃው ነው። ጠየቅሁ። የማታው ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ክፍሉን እንዲያሞቅ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዕጣን ተጨምሮበታል፤ ነፋስ እንዳይገባ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ተወትፏል። ለስሜት ጨዋታ ልብስ ቀለል ማድረግ ስላለ ክፍሉ መሞቅ ነበረበት። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚይዘው ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ያ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ደግሞ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ደሙ በጋዝ ተይዞ ሳለ 94 ብሎ ያረጋጋሃል። እኔንም አረጋግቶኝ ነበር። ካርዱ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ ኦክስጅን ሲሊንደሩን ጎተትኩ።

እዚህ ላይ ልብ ያልኩት ትንሽ ነገር አለ። ጭምብሉን ፊቷ ላይ ሳደርገው አሽቀንጥራ ጣለችው። ከአንድ ሰዓት በፊት ፊቷ ላይ የታሰረ ነገር አልወልቅ ብሏታል፤ አሁን ደግሞ እኔ ሌላ ላስር ነው። «አብሽሪ፣ አንቺው ያዥው፤ ስትፈልጊ ታወርጂዋለሽ» ብዬ በእጇ አስያዝኳት። አላወረደችውም። በተራ አየር ጋዙ ከደም በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። የእርግዝና ምርመራ አደረግንላት፤ ነፍሰ ጡር ብትሆን ወይም ራሷን ስታ ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ ወደ ሆስፒታል ነበር የምልካት። ሌሊቱ ሲገፋ የሁለቱም ራስ ቀለለ። የቤታቸውን መስኮትና በር ከፍተው፣ ምድጃውን ደጅ አውጥተው እንዲገቡ ነግሬ ሸኘኋቸው።

ምድጃው ግን ሁሉንም አይገልጽም። ባልየውም ያንኑ አየር ሲተነፍስ ነበር፤ እሱ ራሱን አመመው እንጂ አልተንቀጠቀጠም። ስለዚህ ለብቻዋ እንድትመጣ ቀጠሮ ሰጠኋት።

ለብቻዋ ያልኩት በምክንያት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ነው። ሚስት «አልፈቀድኩም» ብትል በዚያ አንቀጽ የምትጠለልበት ጣሪያ የላትም ማለት ነው። ሕጉ በማይጠይቅበት ቦታ የጤና ባለሙያው መጠየቅ አለበት። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ መንገድ ጠየቅኳት። እንቢ ብላ ታውቃለች? አዎ፣ ደጋግማ። እንቢ ስትል ምን ይሆናል? «ቡና አፈላለሁ። ምን ይሆናል!» ማን ዕቃውን ያስቀምጣል? እሷ፣ በራሷ ሻንጣ፣ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። ይበቃኛል።

ያማክረኝ የነበረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ራሱ በሽታ አይደለም ወይ?» ብሎ ነበር። አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ በአዋቂዎች መካከል በስምምነት የሚደረገውን እንዲህ ያለ ነገር ከበሽታ ዝርዝር አውጥቶታል። መታከም ያለበት ጉዳቱ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ ጆሮዋ ነገረችኝ።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ከቤተሰቧ ጋር አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ መብራት የለም። «ዓይናችን አይሠራም ነበር» አለችኝ፤ «ግን ግድ አልነበረንም። በጆሮ ነው የኖርነው። ጫማው ከመንገድ ወደ ግቢ ሲዞር እናውቃለን። የቆመውን ከሚያልፈው እንለያለን።» ስለዚህ ጨለማ ለእሷ ጠላት አይደለም። በዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ጨለማው ሰውሯታል፤ የጠበቃት ግን ጆሮዋ ነው። የጆሮ መከላከያው ያን ዘበኛ አሰናበተባት።

ጆሮ ሲደፈን ደግሞ ዝምታ አይመጣም። የራስህ ትንፋሽና የልብህ ምት ይጎላል። እሷ የሰማችው «ዱብ፣ ዱብ» የራሷ ልብ ነው፤ በጋዙ ምክንያት ፈጥኖ የሚመታ ልብ። አንጎሏ ግን የጫማ ኮቴ አደረገው።

አንጎል እንዲህ ያደርጋል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች በቀን 20 ዶላር እየከፈሉ ምንም ሳይሠሩ አስተኝተዋቸው ነበር፤ ዓይናቸው ላይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መነጽር፣ እጃቸው ላይ የካርቶን ቱቦ፣ ጆሯቸው አካባቢ የማሽን እዝዝታ። ተኝቶ ለመዋል ገንዘብ ማግኘት ቀላል ይመስላል። አብዛኞቹ ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አልቻሉም፤ ብዙዎቹ የሌለ ነገር ማየት ጀመሩ። የእኛዋ ሴት ዓይኗ ከተሸፈነ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ነበር፤ እሷ ሰዓት ያለፈ መስሏት ነበር። ጊዜም ከስሜት ጋር አብሮ ይጋረዳል። ለዚህ ነው ጠባቂው ስልኩ ላይ ደቂቃ መሙላት ያለበት፤ የታሰረው ሰው ግምት አያገለግልም።

«እንተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። መተው ብትፈልግ አግዛት ነበር። ግን ጥያቄዋ ውስጥ ቅሬታ ነበረ። «ዓይኑን ልተወው አልፈልግም። ጆሮውን ነው የጠላሁት።» በሦስተኛው ቀጠሮ ሁለቱም መጡ፤ ዕቃውንም በፌስታል ይዘው መጡ። በሥራ ዘመኔ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ነገር ተዘርግቷል፤ የልጅ ኳስና የፋብሪካ የጆሮ መከላከያ ጎን ለጎን ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሻሹ ጀመርን። ጨርቁ ደግ ነው፤ ክፉው ቋጠሮው ነው። ያን ሌሊት ከሹሩባዋ ጋር ተጠላልፎ ለመፍታት ደቂቃ ፈጅቷል፤ በድንጋጤ ውስጥ ደቂቃ ረጅም ነው። በሱ ፈንታ በላስቲክ የሚያዝ፣ ዓይኑ ላይ ጎድጎድ ያለ የእንቅልፍ መሸፈኛ ገዙ፤ አንድ ጣት ወደ ላይ ሲገፋው የሚወልቅ። ጎድጎዱ ለምቾት ብቻ አይደለም። የዓይንን ብሌን አጥብቆ መጫን የልብን ምት ሊያዘገይ ይችላል፤ የዓይን ግፊት ያለበት ወይም ቅርብ ጊዜ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ጨርሶ መሞከር የለበትም። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ደግሞ አይቆምም፣ አይራመድም። ይተኛል ወይም ይቀመጣል፤ ሲተኛም በሆዱ አይደለም።

የጆሮ መከላከያውን ባል በጥንቃቄ አንስቶ «ይኼ እኮ ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። ልክ ነው፤ ለፋብሪካ ጥሩ ዕቃ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ እንኳ በአምራቾች መለኪያ እስከ 33 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ሁለቱን መደራረብ የሚጨምረው አምስት ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መደራረቡ ከጭንቀት በቀር ትርፍ የለውም። ስፖንጁን የሚመርጥ ሰው ሲያወጣው እያዞረ በዝግታ ያውጣ፤ ቢመነጭቀው የጆሮ ታምቡሩን ሊጎዳ ይችላል። ለእሷ ግን ሁለቱንም አልመከርኩም። በምትኩ አንድ ነገር ብቻ አልኩ፦ ዓይን ከተሸፈነ ጆሮ ይከፈት፤ ጆሮ ከተሸፈነ ዓይን ይከፈት። የባሏ ድምፅ እሷ የምትመለስበት ገመድ ነው። ሙዚቃ ከወደዱ በድምፅ ማጉያ፣ ዝቅ ተደርጎ፤ ሄድፎን አይሁን።

ነጠላው ላይ ብዙ አልቆየሁም። ሰፊ ስለሆነ ከገበያ ናይለን ገመድ ይሻላል፤ ናይለን ሲጎተት ይጠብቃል፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከጨርቁና ከአንጓው መሀል ሁለት ጣት ይግባ፤ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ይፈታ፤ ጫፉ የደነዘዘ የፋሻ መቀስ በክንድ ርቀት ይቀመጥ። ቁልፍ ያለው ነገር ቤታቸው እንዳይገባ ለመንኩ፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ቁልፍ ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሆነ የደሴ ሰው አይነገረውም። ለዚያም ባትሪ ራስጌ ይኑር። ጫት ከቃሙ ወይም ከጠጡ በኋላም አይሆንም፤ ጫት ራሱ ልብን ያስሮጣል፣ መጠጥ ደግሞ ማቆሚያ ቃልን ያስረሳል።

ባል ሌላ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ሲያመነታ ነበር። በመጨረሻ ራስን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ከረጢት ነገር እንዳሰበ ተናገረ። እዚህ ላይ ምክር አልሰጠሁም፤ ከለከልኩ። አፍንጫና አፍ ላይ የሚያርፍ ማንኛውም ነገር፣ በተለይ ላስቲክና ፌስታል፣ ድርድር የለውም። ከአንድ ወር በፊት አየር ያሳጠራት ቤት ውስጥ ማለቴን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

የቀረው ምልክቱ ነበር። ኳሱን አባረርነው። እሷ የበግ ቃጭል አመጣች፤ እጇን ስትከፍት ወድቆ የሚጮህ፣ ፍራሹ ላይ እንዳይታፈን ደግሞ ከእጇ በታች የቡና ትሪ ይቀመጣል። ለዝናብ ቀን ግን ቃጭልም አይበቃም። ለዚያ ዕቃ የማያስፈልገው መንገድ ተስማማን፤ እሱ እጇን ይዞ ይቀመጣል፣ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ሁለት ጊዜ ጨበጥ ያደርጋል፣ እሷ ሁለት ጊዜ ትመልሳለች። ካልመለሰች ምክንያት አይፈለግም፤ ሁሉም ይወልቃል፣ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ እጅ። ከክፍሉ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይወጣም። ምድጃው ደግሞ ደጅ ያድራል፤ ብርዱን ብርድ ልብስና የፍል ውኃ ላስቲክ ይችሉታል።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብላ «ጦሳንስ? ይቀየር?» አለችኝ። አይቀየር አልኩ። ቃሉ አላጠፋም።

ጥር ላይ ልጇን ጉንፋን ይዟት ይዛት መጣች። ልጅቷን አይቼ ሽሮፕ ከጻፍኩላት በኋላ ዝም ብላ ትስቅ ጀመር። ምነው ስላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አከራያችን እማማ ትናንት ጠሩኝ። ‹የኔ ልጅ፣ በግ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የምታሳድሩት? ማታ ማታ ቃጭል ይሰማኛል› አይሉኝም!»

«ምን አልሻቸው?»

«ለፋሲካ ነው አልኳቸው። አሁን በጉን ከየት እንደማመጣ እንጃ።»